«አላየኋትም» ያልኳት ሴት

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም። ለባሌም አልነገርኩትም። በጸሎቴ ውስጥ እንኳ ለአሥራ አንድ ዓመት ዙሪያውን እየዞርኩ ነው ያለፍኩት፤ «የበደልኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ» እላለሁ እንጂ ምን እንደበደልኩ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። እኛ ቤት የንስሐ አባት የለም፤ ጴንጤዎች ነን። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሲከብዳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አባታቸው ይሄዳሉ፣ ጎንበስ ብለው ይናገራሉ፣ ቀኖናቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። እኔ የምሄድበት የለኝም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናንተ ስሙኝ። እንድትፈቱኝ አይደለም፤ እንድትሰሙኝ ብቻ ነው።

ስሜ ሐና ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በነበረች አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ቴኳንዶ እሠራ ነበር፤ ጥቁር ቀበቶም ነበረኝ።

ቆይ፣ ስለ ቤታችን ሳልናገር ይህ አይገባችሁም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በእኛ ቤት አይጨፈርም። ሰርግ ቤት ትከሻዬ ትንሽ ከተነቃነቀ እናቴ በዓይኗ ቆንጠጥ ታደርገኛለች። ስፖርት ግን ስፖርት ነው ተብሎ ተፈቀደልኝ። እኔ አዳራሹ ውስጥ የምሠራው ግን ስፖርት እንዳልነበረ ማንም አላወቀም። ፑምሴ የሚባል ነገር አለ፤ ተጋጣሚ ሳይኖር ብቻን የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ የተወሰነ እንቅስቃሴ ነው። እጄ ሲዘረጋ፣ ጉልበቴ ሲነሳ፣ እግሬ አየር ላይ አንዲት አፍታ ቀጥ ሲል፣ ቤታችን ውስጥ የማይነገረውን ሁሉ እናገር ነበር። ቁጣዬን፣ ደስታዬን፣ ስም ያላወጣሁለትንም። አሠልጣኛችን ማስተር ካሳ «ሐና አትመታም፤ ትጽፋለች» ይል ነበር። በፑምሴ ውድድር ሜዳሊያ አምጥቻለሁ። በፍልሚያ ግን አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እጁን ሲያነሳ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ማስተር ካሳ ይህን ስለሚያውቅ ፍልሚያ ውስጥ አያስገባኝም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ናሆም ሙድ ይይዝብኝ ነበር። አፉ አያርፍም። እራት ላይ «እስቲ ዳንስሽን አሳይን» ይላል። ሌባ መንገድ ላይ ሲይዝሽ ቅደም ተከተልሽን እስክትጨርሺ ቆሞ ይጠብቅሻል ወይ እያለ ቤቱን ያስቃል። እኔም ለመደባደብ ብዬ አይደለም የምሠራው እለው ነበር። እውነቴን ነበር። ያ ደግሞ ሙሉ መልስ ነበር። ታዲያ ለምን አልበቃኝም? «ለመሆኑ ይሠራል?» የሚሉኝ ሁሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር፣ ለምን እንደ እሾህ ውስጤ ተሰክተው ቀሩ? በሰው ፊት እንዲሠራልኝ ፈለግሁ። ይህን የምናገረው ኋላ ያደረግሁት ከየት እንደበቀለ እንድታውቁ ነው። ሰበብ አድርጌ አይደለም።

ነሐሴ ነበር። ጓደኛዬ ሊድያ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ አጠገቤ የምትቆመው ሊድያ፣ ከሥራ ወጥታ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብዙ ጊዜ ከፒያሳ አምስት ኪሎ ድረስ አብረን በእግር እንሄዳለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ካፊያ ነበር፤ ገና አልጨለመም። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ኩርባ ላይ እትዬ ዘነቡ እንደ ወትሮዋ በተቀደደች ጥላዋ ሥር ቁጭ ብላ በቆሎ ትጠብሳለች። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያው ናት፤ ስሟን የምናውቀው እሸት እየገዛናት ነው። ቤቷ ከኩርባው ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ ነበር፤ ባሏ ጋሽ ሽፈራው እዚያው በራቸው ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር።

እሷን ጥቂት እርምጃ እንዳለፍን ሁለት ወጣቶች ከኋላ መጡ። አንደኛው የሊድያን ቦርሳ ያዘ። ማንጠልጠያው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር አልለቅ አለ፤ እሷም አልለቅ አለች። ሁለተኛው ፊቷን በቡጢ መታት። ወደቀች፤ ግንባሯ የአስፋልቱን ጠርዝ ድንጋይ መታ። ከወደቀችም በኋላ ይረግጧት ነበር።

እኔስ? እኔ አራት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። በትከሻዬ ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ የቴኳንዶ ልብሴና ጥቁር ቀበቶዬ ተጣጥፈዋል። አሥራ አንድ ዓመት የሠለጠነ እግር አለኝ። አልተነሳም። አልጮህኩም እንኳ። እጄ የቦርሳዬን ማሰሪያ ጨብጦ ቀረ። ፈሪ ነበርኩ? ምናልባት። ሰው ይደነግጣል፤ ለዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እትዬ ዘነቡ ናት የመጣችው። ከሰል መዛቂያዋን ፍም ሞልታ ሮጠች። አንዱ ቀና ሲል አንገቱ ላይ ደፋችበት። ያን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ሌላውን በመዛቂያው ብረት ጀርባውን ደግማ ደግማ ወቃችው። ቦርሳውን ጥለው ሮጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ቆመሻል ልጄ? አንሻት እንጂ!» አለችኝ። ያኔ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ላዳ ታክሲ ያስቆመችልኝ እሷ ናት። ሊድያን ተሸክማ ያስገባችልኝ እሷ ናት። መኪናው ሲነሳ ዞሬ ሳይ፣ በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብላ የተበተነ በቆሎዋን ትለቅም ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።

ክሊኒኩ ውስጥ ሊድያ ስትነቃ ቅንድቧ ተሰፍቶ ነበር። ከቡጢው በኋላ ያለውን ምንም አታስታውስም። የያዝኩትን ቦርሳዋን አየች፤ እኔን አየች። «አንቺ ነሽ ያባረርሽልኝ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። በመጀመሪያ ውሸት አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። ሮጠው የደረሱት እናቷ ግን ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት፤ እጄን ይዘው እየሳሙ አለቀሱ። ትንሽ ቆይቶ ናሆም ደረሰ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋውጦ በሹክሹክታ «የምርሽን መታሽው?» አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ በዚያ ድምፅ መጣ። «አዎ» አልኩት። «አንገቱን።»

ለምን አንገቱን አልኩ? ፍሙ ያረፈው አንገቱ ላይ ስለነበረ ነው። ውሸቴን እንኳ የሰፋሁት ከእሷ እውነት ቆርጬ ነው።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። በቦታው ሌላ ሰው ነበር ወይ ተባልኩ። አልነበረም አልኩ። ተጻፈ፤ ፈረምኩ። እሑድ ሊድያ ቤተ ክርስቲያን ወጥታ መሰከረች፤ እግዚአብሔር በሐና እግር አዳነኝ አለች። ጉባኤው አጨበጨበ፤ አባቴ አለቀሰ። ናሆም ከዚያ ወዲያ ስለ ዳንስ አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታው ይጣፍጥ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ ይጣፍጥ ነበር። ማስተር ካሳ ብቻ ትክ ብሎ አየኝና «ዓይንሽን ሳትጨፍኚ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳልጨፍን አልኩት። ወሬው ግን ከጥርጣሬው ቀድሞ ፒያሳን ስለዞረ ሴት ልጆች ራሳቸውን የሚከላከሉበትን እንድናስተምራቸው ፈልገው አዳራሹን ሞሉት። አስተማሪያቸው እኔ ሆንኩ። የተያዘ እጅ እንዴት እንደሚላቀቅ አሳየኋቸው። የእኔን እጅ ማንም ይዞት አያውቅም ነበር።

ከድብደባው ዘጠኝ ቀን በኋላ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ወደ ኩርባው ተመለሱ። እትዬ ዘነቡን ለመበቀል ነው። ምድጃዋን በእርግጫ ገለበጡት፤ ፍሙ እግሯ ላይ ፈሰሰ። የቀኝ እጇን አንጓ በብረት ሰበሩት። የሰፈሩ ሰው ጩኸቷን ሰምቶ ሲደርስ እየሸሹ ነበር፤ አንደኛውን ያዘ፤ አንገቱ ላይ ቃጠሎ ያለበትን። እሷም ለፖሊስ ሁሉንም ተናገረች፤ ያቺን ልጅ ሲደበድቡ በፍም ስለመታኋቸው ነው የተበቀሉኝ አለች። መዝገቡ ወጣ። መዝገቡ ውስጥ የእኔ ቃል አለ፤ ሌላ ሰው አልነበረም የሚል። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። እትዬ ዘነቡ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ልጁ በካቴና ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግቷል። ጓደኛሽን የደበደበው ይህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እሱ ያውቃል። ማን እንዳቃጠለው፣ ማን ቆሞ እንዳየ ያውቃል። «ነው» ብል አፉን ከፍቶ እኔን የመታችኝ ይህች አይደለችም ይላል። ይህን አሰብኩ። ፈጥኜ ነው ያሰብኩት፤ ያን ቀን መንገድ ላይ ያልፈጠነ አእምሮዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ፈጠነ።

«አይደለም» አልኩ።

መርማሪው ወደ እሷ እየጠቆመ ይህችን ሴት በዕለቱ በቦታው አይተሻታል ወይ አለኝ።

«አላየኋትም።»

እትዬ ዘነቡ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምን ያህል በቀለለኝ። ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አለች። «ደንግጠሽ ነበር ልጄ፤ ሰው ሲደነግጥ አያይም» አለችኝ። «አሁን ቀስ ብለሽ አስቢው።» በተሰበረ እጇ መውጫ መንገድ ከፈተችልኝ። በዚያ ብወጣ ኖሮ እንደ ተራ የድንጋጤ ስሕተት ይታለፍልኝ ነበር።

«አላየኋትም» አልኩ ደግሜ።

እውነቱን የምናውቅ በዚያ ክፍል ሦስታችን ነበርን፤ እሷ፣ ሌባውና እኔ። እኔ ከሌባው ጋር ወገንኩ። ስወጣ አንገቱን ትንሽ ሰበር አደረገልኝ፤ እጅ እንደ መንሳት ያለ። በዓለም ላይ ካገኘሁት ሰላምታ ሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ነው።

ልጁ ሲመታት በዓይኔ አየሁ የሚል ምስክር ስላልተገኘ፣ ጓደኛውም ስላልተያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀ። እትዬ ዘነቡ ከኩርባው ጠፋች። እኔ መንገዴን ቀየርኩ፤ በአራት ኪሎ በታክሲ መዞር ጀመርኩ። ግን ወሬ መንገድ አይመርጥም። አንድ ቀን ሱቅ ቆሜ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። በቆሎ ጠባሿ ከሌቦቹ ጋር ትሠራ ነበር አሉ፤ የሚሰርቁትን ሞባይል በበቆሎ ማዳበሪያ ውስጥ ትደብቅላቸው ነበር፤ በድርሻ ተጣልተው ነው እጇን የሰበሯት፤ ለፖሊስም ዋሽታ ስትያዝ ሰው ሁሉ አይቷል። ይህን ሰማሁ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። አንዲት ቃል ብቻ ብናገር በቂ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ቴኳንዶውስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሞተብኝ። ፑምሴ ልጀምር ቆሜ እጄን ስዘረጋ የምናገረው ጠፋኝ። ድሮ ሰውነቴ ከአፌ ይልቅ ሐቀኛ ነበር፤ አሁን እሱም መዋሸት ተማረ። የሚያምር ነገር ነበረኝ። ማንንም ለመምታት ያልተሠራ፣ ለምንም የማይጠቅም፣ የራሴ የሆነ ነገር። ይጠቅማል ለማስባል ስል ሸጥኩት። ሁለት ዓመት እንደምንም ካስተማርኩ በኋላ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ተውኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ሊድያ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ትመሰክራለች፤ እኔም በየዓመቱ ወንበሬን እጨብጣለሁ። ከዚያ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ሰው ሁሉ በየፊናው ያለቅስ ነበር፤ ናሆም እንኳ የተወለድንበትን ቅያስ ስሙን እየጠራ ተከዘ። እኔ ምን ተሰማኝ? ዕረፍት። ኩርባው ሄደ፤ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ሄዱ፤ የሚያውቅ የለም ብዬ በሰው ዕንባ መሐል ተነፈስኩ። ይህንንም ጻፉብኝ።

የዘንድሮው ምስክርነት ግን እንደ ሌላው ጊዜ አላለፈም። ሊድያ መድረክ ላይ ሆና ጠራችኝ፤ ዘንድሮ ሐናም አንድ ቃል ትበል አለች። ሰው ዞሮ አየኝ። ወጣሁ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የዞርኩት ነገር አፌ ላይ ነበር። «ክብሩን ሁሉ እግዚአብሔር ይውሰድ» አልኩና ወረድኩ። ጭብጨባው ጣራውን አናጋው። ውሸቴን ለእግዚአብሔር አሸከምኩት ማለት ነው። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ቡራኬ ሳይሰጥ ወጥቼ፣ ቦርሳዬን እዚያው ትቼ፣ በእግሬ ፒያሳ ወጣሁ።

ኩርባው የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሣር ተተክሏል። ከፈረሰው ተርፎ ከቆመ ሕንፃ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሰዓት አዳሽ አገኘሁ፤ የድሮ የሰፈሩ ሰው ነው። ልብስ ሰፊውን ጋሽ ሽፈራውን ጠቅሼ ስለ ሚስቱ ስጠይቀው በመጀመሪያ በጥርጣሬ አየኝ። ኋላ ግን ከከተማው ዳር የትኛው ኮንዶሚኒየም እንደደረሳቸው ነገረኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ።

ከሕንፃው ሥር በሸራ የተሸፈነች የአትክልት መደብ አላት። ፀጉሯ ሸብቷል። ሽንኩርት የምትመዝነው በግራ እጇ ነው፤ ቀኟ አንጓው ላይ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል፤ አይዞርም። ገና አፌን ሳልከፍት አወቀችኝ። ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ፤ የሽንኩርቱን ልጣጭ መግፈፏን ግን አላቆመችም። ተናገርኩ። ክሊኒኩን፣ ፊርማዬን፣ ክፍሉን፣ ሱቁን፣ ሁሉንም። ይቅር በይኝ አልኳት።

እሷ ስለ ባሏ ነገረችኝ። ጋሽ ሽፈራው በመጀመሪያ አምኗት ነበር፤ ወሬው ሲበዛ፣ ፖሊስም ዋሽተሻል ሲላት፣ እሱም ጠየቃት። ነገሩን ደጋግማ ብትነግረው ደጋግሞ ይጠይቃታል። አልመታትም፤ አላባረራትም። ግን ከዚያ ወዲያ ሲመሽ የሰፋበትን ሒሳብ እሷ ፊት መቁጠር ተወ። በአንድ ቤት እየኖሩ እንደ ሌባ ይጠብቃት ነበር። አዲሱ ቤት ከገቡ በኋላ በአራተኛው ወር ታሞ ሞተ። በመጨረሻዋ ሳምንት እንኳ እውነቱን ንገሪኝ እያለ ይለምናት ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቀው ሽፈራው ነበር፤ እሱ ሞቷል።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ምን ላድርግ አልኳት። ገዢ መጥቶ ቲማቲም እየመረጠ ስለነበር ወደ እሱ ዞረች፤ በግራ እጇ ሚዛኑን እያነሳች ነው የመለሰችልኝ። «የሰፈሩ ሰው አለ አይደል» አለች። «ቢበተንም አለ።»

ከዚያ በኋላ ጣቢያው ሄጄ የድሮው ቃሌ ሐሰት እንደነበር ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ሊድያንም ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ወድቄ ሲረግጡኝ የት ነበርሽ አለችኝ። አራት እርምጃ ርቄ አልኳት። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰችም። እስካሁንም አልደወለችም። ናሆም ደግሞ ሰምቶ አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ግን በየቦታው ነው፤ በስተምሥራቅ ያለ አለ፣ በስተደቡብ ያለ አለ፣ በየፎቁ ስሙ ሳይታወቅ የሚኖር አለ። በር በር እያንኳኳሁ ልደርስበት አልችልም። የምጽፈው ለዚህ ነው።

በዚያ ቅያስ የኖራችሁ ሁሉ፣ ከጋሽ ሽፈራው ጋር በአንድ እድር የነበራችሁ፣ ልብስ ያሰፋችሁ፣ ሱቁ ደጃፍ ቆማችሁ ያወራችሁም የሰማችሁም። በቆሎ ጠባሿ ዘነቡ ከሌባ ጋር ሠርታ አታውቅም። ለፖሊስም አልዋሸችም። ያን ቀን ከሁለት ሰዎች እጅ ጓደኛዬን ያስጣለቻት እሷ ናት፤ በፍሟና በከሰል መዛቂያዋ፣ ብቻዋን። እኔ እዚያው ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሐና ነኝ።